ሁለተኛው መርፌ

ሳሉ የጀመረኝ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሪከንባከር በሚባል አካባቢ ባለ መጋዘን፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ ነው። ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ ስለዚህ «የአቧራ ነው» ብዬ ሁለት ወር ናቅሁት። ከሳንባዬ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ኤኤልኬ በሚባል ጂን ላይ በተፈጠረ ለውጥ የመጣ፣ አራተኛ ደረጃ። በዚያው ጂን ላይ ያነጣጠረ አሌክቲኒብ የሚባል መድኃኒት ጀመርኩ። በሦስት ወር ሳሉ ጠፋ። ወደ ሥራዬ ተመልሼ «ድኛለሁ» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳሉ ተመለሰ። ስካን ተነሳሁ። ካንሰሩ ጉበቴም ላይ ታየ።

ሐኪሜ «እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም» አለችኝ። «ካንሰሩ ጂኑን ቀይሮ መድኃኒቱን ተላምዶታል። ምን ዓይነት ለውጥ እንዳመጣ ለማወቅ አዲስ ናሙና ያስፈልገኛል።»

እምቢ አልኩ። ደሴ ሳድግ የሰማሁት ነገር አልለቀቀኝም፤ ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል። የመጀመሪያው መርፌ ነው የቀሰቀሰው ብዬ ደመደምኩ። ለሐኪሟ ግን «ላስብበት» ብቻ አልኳት። ሦስት ሳምንት አለፈ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሞትን ፈራሁ።

ባለቤቴ ዘይነብ ኢስተን በሚባል ሰፈር ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ናት። ምክንያቴን ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች።

«መርፌው ከሆነ የበተነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር? አንተ መጋዘን ውስጥ ኮዱን ስካን አድርገህ ምን እንደሆነ ሳታይ አንድ ካርቶን ትጭናለህ? ዶክተሯስ ሳታይ ምን ትስጥህ? በቃ፣ የመርፌውን አፖይንትመንት ኮንፈርም አድርጌዋለሁ!»

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ።

መርፌው ጉበቴ ገባ። ዐሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። የተገኘው ለውጥ ጂ1202አር ይባላል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት አያሸንፈውም፣ ሎርላቲኒብ የሚባለው ግን ይደርስበታል። ሐኪሜ «አገኘነው!» ስትል ፊቷ በራ።

ሎርላቲኒብ ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኮሌስትሮሌ ጨምሯል፣ እግሬ ያብጣል፣ ቦርጭም አውጥቻለሁ፤ ዘይነብ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቼም አላውቅ» እያለች ትስቅብኛለች። ጉበቴ ላይ የነበረው ጠፍቷል፣ የሳንባዬም ጠባሳ ብቻ ሆኗል፤ ፎርክሊፍቴንም እንደ ድሮው እየነዳሁ ነው። አልሐምዱሊላህ። ያቺን ሐኪምና ያቺን ቁጡ ሚስቴን አላህ ያቆይልኝ።

መድኃኒታችሁ መሥራት ያቆመባችሁ ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ጂኑ እንደገና ይመርመር ብላችሁ ጠይቁ፤ በደም ይሁን በመርፌ ሐኪማችሁ ያማክራችኋል። የምትፈሩትንም ንገሩት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔ ፍርሃቴን ደብቄ ለካንሰሩ ሦስት ሳምንት ሰጠሁት። እናንተ አንድ ቀን እንኳ አትስጡት።