ሮቶ የሚያንኳኩት አጎቴ

አጎቴን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ባለው ቤታችን የፈረቃው ውሃ በመጣ ቁጥር፣ ሮቶውን በጣታቸው አንጓ ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ጀሪካን ይዘው ለሚጠብቁት ጎረቤቶች፣ «ወገቡ ላይ ደርሷል፣ ቅዱ!» ይላሉ።

የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። በአንድ ሩቅ ከተማ ላለ ዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ውሃ ሲታቀድ፣ አዲሱ መስመር ከተማውን አልፎ በቀጥታ ግቢው ይግባ ተባለ። ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። «እናቶች ጀሪካን አዝለው በአጥሩ ሥር እያለፉ፣ ተማሪው ውስጥ ሆኖ ምን ሊማር ነው?» ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ ውሃው ለሁለቱም እንዲደርስ ተወሰነ፤ እሳቸው ግን ከሥራው ተነሱ።

ቤት እንደገቡ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተው፣ ከሮቷችን አንድ መስመር በአጥሩ አሾልከው ወደ መንገድ አወጡ። እህታቸው፣ እናቴ፣ «አጥሩን በሳኸው እኮ!» ብላ ብትቆጣ፣ «የራሴን ካልበሳሁ የማንን ልበሳ?» አሏት።

አርባቸው በወጣ ሰሞን ውሃ መጣ። ማንም አላንኳኳም። ከውጭ አሮጊቷ ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው፣ «ጋሼ፣ የት ደረሰ?» ብለው ተጣሩ። ወዲያው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ጀሪካናቸውን መሬት ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

ተነስቼ ሮቶውን አንኳኳሁ። ከታችም ከላይም አንድ ዓይነት ድምፅ ሆነብኝ።

«ይቅዱ፣ እትዬ» አልኩ። ድምፄ ግን አጥሩን የተሻገረ አልመሰለኝም።