በአለቃችን አምሳል የተሳለው አዞ

አለቃችን ጠረጴዛው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አፋቸውን በረገዱት። «ይኸው አዞ! ቶሎ በል እንጂ፣ አንገቴ ተቆለመመ!» እኔ ሳቅ ሊገድለኝ ሆነ፤ እርሳሱ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋምቤላ ክልል ገና መቋቋሙ ነበር። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለና በትምህርት ቢሮው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመርን። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው የአካባቢው ተወላጅ ባልደረባዬ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ከደጋ በመጣሁት መምህር፣ በእኔ ላይ ወደቀ። አርብ ጠዋት መኪና ረቂቁን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ሥዕሉ ካልደረሰ መጽሐፉ ያለ ሥዕል ይታተማል። እኔ ደግሞ ፊቴ ያለውን ቁንጫም ቢሆን እስላለሁ፤ ፊቴ ከሌለ ግን አበቃ፣ አልችልም።

የመጀመሪያው ሥዕል ዓሣ ነበር። ሰኞ ዕለት አለቃችን፣ «ዓይንህን ጨፍንና ዓሣውን እየው፣ ከዚያ ሳለው፤ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። ጨፈንኩ።

«ምን ታየህ?»

«ጨለማ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ምን ያያል?»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። እርሳቸውማ ዓሣውን ከነቅርፊቱ ያዩታል! እኔ እስከዚያ ቀን ሰው «በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ» ሲል ለወግ ያህል ይመስለኝ ነበር። ባልደረባዬ አንገቱን ደፍቶ መጻፉን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሚሳለው ሁሉ ፊቴ ይቅረብ ተባለና ቢሮው አበደ። ከባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ ተገዛ፤ ስዬው ስጨርስ ጠብሰን በላነው። ጸሐፊዋ ባልዲ በራሷ ላይ ተሸክማ ኮሪደሩን ተመላለሰችበት። ዘበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመጥረጊያ እንጨት ጀልባ ቀዘፈ። አንድ ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ አለቃችንን ከነአዞነታቸው ሲያያቸው፣ «ግድ የለም፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ መልሶ ዘጋው።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ገጽ ብቻ ቀረ፤ «እናት» የሚለው።

«ይቺማ ቀላል ናት» አሉ አለቃችን። «የራስህን እናት ሳል!»

«እሷም አትታየኝም» አልኩ።

እናቴ ከሞተች ገና ዓመቷ ነበር። በተቀበረች ማግስት ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልጋት ፊቷን አጣሁት። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እያልኩ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ያን ቀን ግን አመለጠኝ።

ባልደረባዬ ብዕሩን አስቀመጠ። «ለእኔም ጨለማ ነው» አለ። «የእናቴ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፣ ስትቆጣ። ሰው ሁሉ እንደዚህ መስሎኝ!»

ተያየን። ሳቅ ጀመረን፤ እንባችን እስኪወርድ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለካ ክፉ ልጅ አልነበርኩም! ጭንቅላቴ እንደዚህ ተሠርቶ ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ባልደረባዬ ሮጦ ወደ ኒውላንድ ሰፈር ሄደና እናቱን ይዞ መጣ። ወንበር ሰጠናቸው። በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩኝ።

«ምን አሉኝ?»

«የወለቀውን ጥርሴን እንዳትስል ትላለች።»

«እሺ እማማ» አልኩና አፋቸውን ዘግቼ ሳልኳቸው። እርሳቸው ግን አንድ ጊዜም አልዘጉትም።

ስጨርስ ባልደረባዬ ሥዕሉን አየ፣ እናቱን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ፊቴ ዘረጋ።

«አንድ ደግሞ ሳል» አለኝ። «ያ ለልጆቹ ነው። ይሄ ለእኔ፤ ኋላ እንዳላጣት።»