ሰማይ የተዘጋ ሰሞን

ከቤት የወጣሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። ከአገር የወጣሁት ግን ሌላ ቀን ነው፤ በሁለቱ መካከል የሆነውን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። እዚያ ደባርቅ ያላችሁ በየፊናችሁ ሰምታችኋል። እዚህ አብራችሁኝ በስደት ያላችሁት ደግሞ «እናቷ ከደጅ መለሰቻት» የምትለዋን ብቻ ነው የያዛችሁት፤ ባለፈው ክርስትና ላይ አንዷ ከጀርባዬ ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ደክሞኛል፣ ግን እንደነበረ ልንገራችሁና ይለይልኝ።

ባለቤቴ ማሩ ስሜን ተራራ ላይ ለፈረንጆች መንገድ መሪ ነበር። እሱ ቀድሞ ኖርዌይ ገብቶ እኔን ሊወስድ ወረቀት ጀመረ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቪዛው እጄ ሲገባ ግማሽ ዕድሜው አልቋል፤ እስከ ሰኞ ድረስ እዚያ ካልደረስሁ እንደገና ከሀ ጀምሪ ተብያለሁ። ሌላ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሰኞ፣ ሰኞ እያልሁ ነበር የምተኛ የምነሣው።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ መረቀኝ። እናቴ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል፣ በሶውን በከረጢት አድርጋ ሰጠችኝና ጉንጬን ስማ ስማ፣ «ሂጂ፣ ዞረሽም እንዳታዪ» አለችኝ። ዓይኗ ያን ጊዜም ውኃ ያፈስ ነበር፤ ጭስ ነው ትላለች ሁልጊዜ፣ እሳት ባልነደደበትም ቀን። ከኋላዬ የአጥሩን በር ራሷ ስትዘጋው ሰማሁ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ተመርቆ ከወጣ የረሳው ነገር ቢኖር እንኳ ራሱ አይመለስም፣ ሰው ነው የሚልከው። ይቺን ያዙልኝ።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ሠራተኛውን ጠጋ ብዬ አውሮፕላኑ ዘገየ ወይ አልሁት።

«አልዘገየም። የለም።»

«ተበላሸ?»

«ምንም አልሆነም። ሰማይ ተዘግቷል።»

ሁላችንም ቀና አልን። ጥርት ያለ የጥቅምት ሰማይ ነው፣ አንድ ደመና የለበትም።

«ለምን ተዘጋ?»

«አልተነገረንም።»

«መቼ ይከፈታል?»

«ሲከፈት ይነገራል። እህቴ፣ ቤትሽ ገብተሽ ሬዲዮ አዳምጪ።»

ስለ ሰኞ ነገርሁት፣ ቪዛውን አውጥቼ አሳየሁት፣ አለቀስሁም። እሱም እንደ ማዘን አለና «እኔም የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለብኝ» አለኝ። ምን ይባላል? ጎንደር የማርፍበት ዘመድ የለኝም፤ ሻንጣዬን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ በመጣሁበት ተመለስሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገባች የእህል ነጋዴ «ጦርነት ነው፣ ጤፉን እንዳትሸጡ» አለች። ዳባት ላይ የተሳፈረ ተማሪ ጅራታም ኮከብ ሊወድቅ ነው አለ። ሹፌሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው በድብቅ እያለፈ ነው ብሎ ማለ። ደባርቅ ስንገባ ሦስቱ ወሬ አንድ ሆኖ ነበር፤ ትልቁ ሰው ጦርነቱን ሸሽቶ ሲያልፍ ኮከቡ ሊወድቅበት ነው።

እቤት ደርሼ በሩን መታሁ።

«ማነው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ትርንጎ ነኝ፣ እማ። ሰማይ ተዘጋ ብለው መለሱን።»

እግሯን እሰማለሁ፣ መጥታ ከበሩ ኋላ ቆማለች።

«አትግቢ» አለችኝ።

«እማ!»

«መርቄ ሸኝቼሻለሁ። አንቺ መንገድ ላይ ነሽ። ከገባሽ ቀረሽ ማለት ነው፣ ሌላ ሁለት ዓመት ነው። አለሚቱ ዘንድ እደሪ።»

ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ጩኸቴን ሰምተው ወጡ። «ኧረ በማርያም! ልጅሽ ናት እኮ፣ ብርዱን አታዪም?» አሏት። በሩ አልተከፈተም። ብርዱንማ ታውቁታላችሁ፣ የደባርቅ የጥቅምት ንፋስ አጥንት ይሰብራል። እትዬ አለሚቱ ሻንጣዬን እየጎተቱ ወሰዱኝ። አልዋሻችሁም፣ ያን ቀን እናቴን ጠላኋት።

በእሷና በእትዬ አለሚቱ ግቢ መካከል የባሕር ዛፍ አጥር ነው ያለው። ሐሙስና ዓርብ እዚያ አጥር ሥር ዋልሁ። እትዬ አለሚቱ በርጩማ አምጥተው «እዚህ ተቀመጪ፣ ፀሐይ አለ» ይሉኛል፤ ፀሐዩ ግን ከወዲያ በኩል ነበር። «ጮክ ብለሽ አጫውቺኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል» ይሉኛል። ከመቼ ወዲህ እንደ ደከመ እንጃ፤ ሴትዮዋ የመንደሩን ሐሜት በሁለት ቤት ማዶ የሚሰሙ ነበሩ። እኔም እየጮህሁ አወራለሁ፤ ስለ ማሩ፣ ስለ ቪዛው፣ ስለዚያች ጨካኝ እናቴ። ምሳ ሲቀርብ ሽሮው የእናቴ እጅ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ የምታበዛ እሷ ብቻ ናት። «ከየት መጣ?» ስል «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ምነው አልጣፈጠሽም?» ብለው ይቆጣሉ። በላሁት። አልቅሼም ቢሆን በላሁት።

ከተማው ደግሞ ጉድ ሆኗል። ሬዲዮው ዘፈን በዘፈን ሆነ፣ ስለ ሰማይ ትንፍሽ አይልም። በቅሎ የሚያከራዩት ፈረንጅ አልመጣም ብለው ከሆቴሉ በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ ቀድመው የገቡት ሦስት ፈረንጆች ደግሞ መውጫ አጥተው ስልክ ቤት በር ላይ ተኮልኩለዋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰቅሎ ነው የሚሄደው። ሐሙስ ከሰዓት ቀበሌው ስብሰባ ጠራን።

ሊቀመንበሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ላብ በላብ ሆኗል። «ስለ ሰማዩ የሚወራው አሉባልታ ይቁም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሰማይ ማውራት አይቻልም።»

አንድ ገበሬ እጁን አወጣ። «ጌታው፣ ስለ ዝናብስ?»

«ዝናብ ይቻላል።»

«ምን ተፈጠረና ነው የተዘጋው?»

«ምንም አልተፈጠረም።»

«ካልተፈጠረ ለምን ተዘጋ?»

«እንዳይፈጠር ነው» አለ፤ ራሱም የተናገረው ገረመው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አገላበጠ። ይኼኔ መሪጌታ ተነሡ፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው። «ልጄ፣ እኛ በዓይናችን ያየነው ክፉ ነገር የለም። ነገር ግን ጸሎታችን የሚያርገው በዚያው ነውና እሱስ ይለፍ ወይስ ይጠብቅ?» አሉት። ልጁ ቆሞ አሰበበት፣ እውነቴን ነው። «አባታችን፣ እርስዎ ይቀጥሉ» አለ። ሕዝቡ ሳቀ፣ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። በዚያው ማታ ምህላ ተያዘ። ምን ብሎ እንደሚለምን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ «የመጣውን መልስልን» ነው የተባለው፣ ምን እንደመጣ ሳናውቅ።

ዓርብ ከሰዓት ሬዲዮው በዘፈን መሐል በረራ መጀመሩን ተናገረ። መዘጋቱን ሳይነግረን መከፈቱን ነገረን። እትዬ አለሚቱ እልል አሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ግን ድምፅ የለም። ቅዳሜ ማለዳ ለመጀመሪያው ሚኒባስ ስወጣ በእናቴ ደጅ ነው የማልፈው። በሩ ዝግ ነው። እጄን አንሥቼ ልመታው ስል እትዬ አለሚቱ ክንዴን ያዙኝና «ተይ፣ ልፋቷን አታበላሺባት» አሉኝ። የምን ልፋት? አልገባኝም። ሄድሁ። ያን ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም፣ በቁጣ።

ሰኞ ረፋድ ኖርዌይ ደረስሁ። መስኮት ውስጥ ያለችው ሴት ፓስፖርቴን አገላብጣ፣ በመጨረሻው ቀን ለምን መጣሽ አለችኝ። ሆቴል ወጥ ቤት ለፈረንጅ ስሠራ የለቃቀምኋት እንግሊዝኛ አለችኝ፤ በእሷ መለስሁ።

«ሰማይ ተዘግቶ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«መንግሥት።»

«ለምን?»

«አልነገሩንም።»

«አልጠየቃችሁም?»

አያችሁልኝ? ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የጠየቀችኝ ይኼን ነው። ጠይቀናል ብላት ማን መለሰላችሁ ልትለኝ ነው። «ደክሞኛል» አልኋት። ሰማችኝ መሰል፣ ማኅተሙን መታችልኝ።

ኑሮውን ታውቁታላችሁ፣ ብዙ አላደክማችሁ። ብርድ እንደሁ ከደባርቅ ለመጣ ሰው ብርቅ አይደለም፤ የሚገድለው ዝናቡ ነው፣ ክረምት ገብቶ መስከረም የማይጠባበት አገር ነው። አይባቸው ቡናማ ነው፣ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፣ ብሩኖስት ይሉታል፤ መጀመሪያ የቀመስሁ ቀን የታመመ አይብ መስሎኝ ተፋሁት። አከራያችን፣ ሁስቫርት ነው የሚባለው፣ በርበሬ ስቆላ እያሳለው መጥቶ «እሳት ተነሥቷል?» ይለኛል። ምሳ ነው ስለው አያምነኝም። ሰላም ብላችሁት ካለፋችሁ «ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል ሰው ነው፤ ይኼን ለእትዬ አለሚቱ በስልክ ብነግራቸው «ልጄ፣ ሰውዬው ታሞ ይሆናል» አሉኝ።

ለእናቴ ግን ዓመታት ሙሉ ስደውል «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር። ያችን የተዘጋች በር አንሥተናት አናውቅም። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ስጠብቅ፣ ቀጥሎ ልጆች ስወልድ፣ አገሬ ሳልገባ ስንት ዘመን አለፈ። ስለ ዓይኗ ስጠይቅ እትዬ አለሚቱ «ትንሽ ያጭበረብራታል፣ ሌላ ምንም የለባትም» ይሉኛል። ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር ረስቼው ነው እንጂ ከድምፃቸው መጠርጠር ነበረብኝ። በመጨረሻ ሆዴ አልችል አለና ጎንደር ሐኪም ቤት አሳክማታለሁ ብዬ ትኬት ቆረጥሁ። በዓይኔ አይቻት፣ በዓይኗ አይታኝ፣ ያችን በር ይቅር ልንባባል።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ባሕር ማዶ ያለ ተራራ ፈንድቶ ሰማዩን አመድ ሞላው። አውሮፕላን ሁሉ ቆመ። ቴሌቪዥኑ በየሰዓቱ ካርታ እያሳየ ያስረዳል፣ ንፋሱ በየት ነፈሰ፣ አመዱ ምን ያህል ከፍ አለ፤ ያስረዱናል፣ ያስረዱናል። ሁስቫርቱ ግን ለዕረፍት ሊሄድ ነበርና ደረጃው ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ «ማንም ምንም አይነግረንም!» ይላል። እኔ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ለቅሶዬ መጣ፣ ገብቼ ደወልሁ። ሞባይሉን እትዬ አለሚቱ አንሥተው ለእናቴ ሰጧት።

«እማ፣ አልመጣም። ሰማይ ተዘጋ።»

«ደግሞ?»

«ደግሞ።»

«ምን ሆነ አሉ?»

«ተራራ ፈንድቶ ነው። አመዱ አያስሄድም።»

«ነገሯችሁ?»

«በየሰዓቱ ይነግሩናል።»

«ታድላችሁ» አለችኝ።

«ሲከፈት እመጣለሁ። ዓይንሽን ጎንደር አሳክምሻለሁ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ስታዛውር ሰማሁ።

«ትርንጎ፣ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆነው። አለሚቱን እንዳትነግርሽ አስምያት ነው። ሐኪሙም አይቶታል፣ አይመለስም ብሏል።»

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ጮኼ ይሆናል፣ ትንሿ ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ያን ጊዜ በር የዘጋሁብሽ መንገድሽ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው፤ ካየሁሽ እንደማልለቅሽ አውቃለሁ» አለችኝ። «ሁለቱን ቀን አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የዋልሁት። ጨካኝ ስትዪኝም ሰምቻለሁ። አለሚቱን ነው አስጮኺያት ያልሁት፣ ድምፅሽን ልያዘው ብዬ። ዓይን እያለኝ ሳላይሽ ቀረሁ፤ ድምፅሽን ግን ይዤዋለሁ። ስትመጪ በሱ አውቅሻለሁ።»

«እማ…»

«አታልቅሽ፣ ስታለቅሽ ድምፅሽ ይለወጥብኛል። በይ አጫውቺኝ። ጮክ በይ።»

በመስኮቱ ዝናቡ ይወርዳል። ስለ ሁስቫርቱ ጀመርሁላት፣ ጮክ ብዬ።