የጎረቤት እንጨት

የልጅ ልጄ በተዳረች ቀን እሳቱ እምቢ አለን።

በእኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ሠርግ ያለበት ቤት እንጨት አይገዛም። ጎረቤቱ አንዳንድ ሸክም ይዞ ይመጣል። ያመጣችው ሴት እንጨቷ ከድስቱ ሥር ሲገባ ማየት ትፈልጋለች፤ የአንዷን ማግዶ የሌላዋን መተው ያስቀይማል። ስለዚህ የሁሉም ይገባል። በዚያ ላይ በዋዜማው ያለወቅቱ ዝናብ ጥሎ ባሕር ዛፉን አርሶታል።

ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ከአምበር ከተማ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ረፋዱ ሲጋመስ በትልቁ ብረት ድስት የተጣደው ወጥ ገና አልፈላም፤ ጓሮው በጭስ ታፍኗል።

የወጡ አዛዥ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በሙሽርነት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የሚጠሩኝ “ተማሪዋ” እያሉ ነው።

“እንጨት ጨምሩበት!” አሉ። ተጨመረ። ጭሱ ባሰ።

“እንግዲያው ላምባ አፍሱበት!”

“ላምባ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ለወጡ የሚተርፈው ሽታው ነው” አልኩ።

“አንቺ ደግሞ ደብተርሽን አምጭና አንድጂው፣ ተማሪዋ!”

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ቁጭ ብዬ ከድስቱ ሥር አየሁ። እንጨቱ ተጠቅጥቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም። የኬሚስትሪ መምህራችን ሻማ ለኩሰው ብርጭቆ ሲደፉበት ታወሰኝ። ነበልባሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ሻማው አላለቀም፤ ያለቀው ኦክስጅኑ ነበር።

እንጨቱን መጎተት ጀመርኩ።

“ኧረ የኔን! ምን በደልኩሽ?” አለች አንዷ ጎረቤቴ።

“በእርጥብ ልብስ ሠርግ ቤት ይገባል እንዴ? ዳር ቆሞ ይድረቅና በተራው ይግባ።”

“እሳት ሲያንስ እንጨት የሚያወጣ ሰው ዛሬ አየሁ!” አሉ የባለቤቴ እህት።

“እርጥቡ ሙቀቱን ውኃ ሲያተን ይጨርሰዋል። ይሄ ጭስም ያልነደደ እንጨት ነው፤ ማገዷችን በዓይናችን እየገባ ነው” አልኳቸው።

አመዱን ጠረግሁ። ከመሀል ካወጣኋቸው ውስጥ የደረቁትን ቀጫጭን ፍልጦች ብቻ መርጬ፣ ነፋስ እንዲያልፍ አነባብሬ በፍሙ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ጭሱ ወፈረ። ከዚያ ጭሱ ራሱ እሳት ያዘና ነበልባሉ የድስቱን ጎን ላሰ።

ብዙም ሳይቆይ ወጡ ይንተከተክ ጀመር።

በእሳቱ ዙሪያ የተደገፈው እንጨት እንፋሎቱን እየለቀቀ ደረቀ። “አሁን የኔ ነው!” ይባላል፤ አንድ ፍልጥ ይገባል። መጀመሪያ እልል ያሉት የባለቤቴ እህት ናቸው። ከዚያ በኋላ ለገባ እንጨት ሁሉ እንደ ሚዜ እልልታ ተደረገለት።

የመኪናዎቹ ጥሩምባ ከታች ሲሰማ ቅቤው ከወጡ ላይ ተንሳፎ ነበር። የባለቤቴ እህት እስከዚያ ቀን ድረስ ከራሳቸው በፊት ወጥ ያስቀመሱት ሰው አልነበረም። ያን ቀን ጭልፋውን አንስተው መዳፌ ላይ ጠብ አደረጉልኝ።

“ቅመሺ።”

“ጨው አንሶታል” አልኩ።

“እሱንም ስንተኛ ክፍል ነው የተማርሽው?” አሉና ጨው ጨመሩ።