የጆንያዋ ሴትዮ ስም

ከቀሃ ወንዝ በላይ፣ ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት ሰፈራችን ዘጠኝ ዓመት ተጎራብተናል። እሷ ራሷ በጭቃ ባቆመቻት አንዲት ክፍል፣ እኔ ከጎኗ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ስታስል ይሰማኛል። ሥራዋ የእህል ነጋዴዎችን ጆንያ ወንዝ ወርዶ ማጠብና የተቀደደውን መስፋት ነው። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላታለን፤ ዞር ስትል ደግሞ «የጆንያዋ ሴትዮ»።

ሰው የሚባል አታምንም ነበር። ውሃ ሳበድራት እንኳ ጀሪካኑን አሽትታ ነው የምትቀበለኝ። ዕድር ግቢ ቢሏት «ስሜን ጽፋችሁ ምን ልታደርጉበት?» ብላ በሯን ዘጋችባቸው። እኔም የዋዛ አይደለሁምና ጠረጠርኳት፤ ስሙን የሚደብቅ ሰው አንድ ነገር አድርጎ የሸሸ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ጆንያ አብረን ስናሰጣ ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አዲ አርቃይ ሳለች ባሏ ሲሞት፣ ወንድሙ «የማዳበሪያ ነው» ብሎ አንድ ወረቀት ላይ አሻራዋን አስደረጋት። ለካ መሬቷን የለቀቀችበት ወረቀት ኖሯል።

«ከዚያ ወዲህ ስሜም ጣቴም የራሴ ነው» አለችኝ። «ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ እታገኘሁ እባላለሁ።» ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔን መምረጧ አኮራኝ።

ባለፈው ጥቅምት ሜትርና ቀለም የያዙ ሰዎች መጡ። ሰፈሩ ለመንገድ ይነሳል፣ የተመዘገበ ምትክ ቦታ ያገኛል አሉና በየበራችን ላይ ቁጥር ጻፉ። እሷ ደጃፍ ሲደርሱ «ባለቤቷ የለችም፤ እኔ እንግዳ ነኝ» ስትላቸው ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ።

«ምነው እትዬ? ቤትሽን ልታጪ ነው እኮ!»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺን ስንት ሰጡሽ?» አለች።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ የእሷ ቤት ባለቤት የሌለው ተብሏል። ያን ዕለት ወንዝ አልወረደችም። ደጃፌ ላይ መጥታ ተቀመጠችና «አስቀየምኩሽ፤ ብቻ ምስክር ሁኚኝ» አለች። መታወቂያ የላትም፤ ሦስት ጎረቤት ማንነቷን ካስረዳ ግን ሊመዘግቧት ተስማምተዋል። ዘበኛው አያ ስማቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ጸሎትና እኔ ቀበሌ ሄድን።

አንድ በአንድ አስገቡን፤ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ሴትዮዋን ያውቋታል?» አለ መዝጋቢው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

«ስሟ ማነው?»

«እታገኘሁ» አልኩ ኮራ ብዬ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዘበኛው አበቡ ናት አሉ። ልብስ ሰፊዋ የትነበርሽ። እርስዎ ደግሞ እታገኘሁ።»

ለካ ለእያንዳንዳችን ለብቻ ሌላ ሌላ ስም ነግራናለች። እኔ ሞኟ ተመርጬ ሞቻለሁ! ንዴቱ አንገቴ ድረስ መጣ።

እሷ ብድግ አለች። «ይመኙሽ ነኝ» አለች። «ይመኙሽ ገብረ ሚካኤል። አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው፤ እዚህ አገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም።» እውነቷን እንደሆነ ልቤ ነገረኝ።

«ወይዘሮ ትዕግስት፣ ይመኙሽ ናት ብለው ይፈርማሉ?» ሰውዬው ወረቀቱንና የአሻራውን ቀለም ወደ እኔ ገፋ። «ከፈረሙ ሌሎቹን መልሼ እጠይቃለሁ፤ ካልፈረሙ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።»

በሬ ላይ ያለው ቁጥር ትዝ አለኝ። በሐሰት መሰከረች ብለው ቢፍቁብኝስ? ደግሞስ ይሄንንም ስም አሁን ፈጥራው ቢሆንስ? ቀና ብላ አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም።

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።