በጆንያ የተጠቀለለው ጀሪካን

ልጅ እያለሁ የምቀናው በፍሪጅ ነበር። ሌላው ልጅ በጫማና በፀጉር ይቀናል፤ እኔ ከግድግዳው ማዶ በሚያጉረመርመው በእነካድራ ፍሪጅ። ያደግሁበት የጅቡቲ ሰፈር የአርሂባ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሞተሩ ሲነሳም ሲያርፍም ትራሴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ካድራ እኩያዬ ናት። በረዶ በኩባያ ይዛ ደጃፋችን ላይ ቆማ ስትቆረጥም ጥርሴን ያሳክከኛል።

እናቴ ግን ፍሪጅ የሚባል ነገር እንዲነሳባት አትፈልግም። የጅቡቲ መብራት እንዴት ውድ እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ፋክቱር የምንለው የመብራት ሂሳብ በመጣ ቀን ስንት ባልና ሚስት ሲኮራረፍ አይተናል። እሷ ከአባቴ የተማረችው ዘዴ ነበራት። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሹፌሮቹ በዚያ በረሃ ውሃ የሚያቀዘቅዙት ጀሪካን በጆንያ ጠቅልለው፣ ጆንያውን አርሰው፣ መኪናው ጎን ላይ አንጠልጥለው ነው። ነፋሱ ጆንያውን እያደረቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው ውሃ ይበርዳል። እናቴም በረንዳችን ላይ እንደዚያው አድርጋ ሰቀለችው። ጆንያው የሚርሰው ደግሞ በንጹህ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ሩዝና አትክልት በታጠበበት ነው። «ነፋስ ፋክቱር አይልክም» ትላለች። ስለ ፍሪጅ ካነሳሁ መልሷ አንድ ነው፦ «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ይልቅ ጆንያው ደርቋል፣ ሂጂ አርሺው።»

ማራስ የኔ ሥራ ነበር፤ በቀን ሦስቴ። ጠላሁት። ጆንያው የእህል አቧራና የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው፤ እጄ ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤት እንዳይሸተኝ በሳሙና እፈትገው ነበር። ዛሬ ያንን ሽታ ባገኘው ቆሜ የምቀር ይመስለኛል።

ካምሲን በሚነፍስበት፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ በሚጋረፍበት ወር መብራት ጠፋ። የእነካድራ ፍሪጅ ዝም አለ። ካድራ መጥታ ከጀሪካናችን አንድ ኩባያ ጠጣች፣ ደገመች፣ ከዚያ ኩባያውን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ቁጭ አለች። መብራት መጣ፤ እሷ ግን አልሄደችም። እናቷ ማዕከላዊ ገበያ ጫት ስለምትሸጥ ቤታቸው እስኪመሽ ሰው የለም። በየቀኑ ትመጣለች፣ ማንም ሳያዛት ጆንያውን ታርሳለች። አማርኛ ለመደች። እናቴን «ሆዮ» ማለት ጀመረች፤ በሶማሊኛ እማዬ ማለት ነው።

እናቴም «አየሽ? ይቺ ሳይነገራት ነው የምትሠራው» ትለኛለች። «አንቺ ግን አፍሽ ብቻ።» የጠላሁትን ሥራ ስለወሰደችልኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ አረረ። ፍሪጁንም፣ በረዶውንም፣ እናቴንም? ይህስ በዛ።

አባቴ ከመንገድ የሚገባበት ቀን ነበር። አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጆንያውን አንዴ አርሼ ከላዩ ላስቲክ ብጠቀልልበት አይደርቅም፤ ካልደረቀ ሦስቴ ማራስ የለም፤ ውሃም ይቆጠባል። እናቴ ጉድ ትላለች ብዬ በጠዋት ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ካድራ ስትመጣ «ዛሬ እንዳትነኪው፣ የኔ ነው» አልኳት።

አባቴ ቀትር ላይ ገባ፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። ከሰላምታ በፊት ውሃ ጠየቀ። አንድ ጉንጭ ጠጣና ኩባያውን አስቀመጠ።

«ይሄን ለሻይ ነው እንዴ ያፈላችሁት?»

እናቴ በረንዳ ወጥታ ላስቲኩን አየች። «ማነው ይሄን ያሰረው?»

ካድራ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ ነኝ፣ ሆዮ» አለች።

እኔ ብሆን ኩርኩም ነበር። ካድራን ግን እናቴ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት፤ እጇን ይዛ ጆንያው ላይ አስቀምጣ፣ ነፋሱ ካልነካው እንደማይበርድ፣ መተንፈስ እንዳለበት ቀስ ብላ አስረዳቻት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ።

አሁን እዚሁ ጅቡቲ የራሴ ቤት አለኝ። ፍሪጅ አለኝ፣ ክሊም የምንለው የአየር ማቀዝቀዣም አለኝ፤ ፋክቱሩ ሲመጣ እኔም ከባሌ ጋር እኮራረፋለሁ። ክሊም ሲሠራ በር ይዘጋል፤ በር ሲዘጋ ደግሞ ውሃ ልጠጣ ብሎ የሚገባ ጎረቤት የለም። ያኔ በአንድ በረንዳ ላይ ስንት ሰው ነበርን። አጠገቤ የነበረውን ትቼ ግድግዳ ማዶ ያለውን ሳዳምጥ አደግኩ።

እናቴ ድሬዳዋ ገብታለች። ስንደዋወል፣ ያ ላስቲክ የኔ ነበር ልላት አፌ ላይ ይመጣል። እሷ ትቀድመኛለች።

«ካድራ እኮ በሳምንት ሁለቴ ትደውልልኛለች። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ» እላታለሁ።

ኔትወርኩ አለ።