በሹክሹክታ የታየው ፊልም

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልችል ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪል ስጠብቅ መውረጃዬን ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው። ያን ቀን ግን ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ ያስደነግጠኛል፣ ቀጥሎ ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ከፒያሳ ቁልቁል ያለው እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። እናቴ ከወሎ መጥታ እዚሁ ወለደችኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ፒያሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የቀሚስና የሱሪ ጠርዝ እቀመቅማለሁ።

በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ይባላሉ። ሥራቸው ቲያትርና ፊልም እያዩ ሂስ መጻፍ ነው። የማንም ተቀጣሪ አይደሉም። ለአንድ ጋዜጣ ይጽፋሉ፣ አንዳንዴም ሬዲዮ ላይ ተጋብዘው ይናገራሉ። ምላሳቸው ስለታም ነው። አንድ ተዋናይ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ተሻግሮ አመለጠ ብለው የሰፈር ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዓይናቸው ታመመ። መሃል መሃሉ ጠፋባቸው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረላቸው። በር ላይ ሰው መቆሙን ያያሉ፤ ፊቱን ግን አያዩትም። ሐኪሙም መነጽር እንደማይመልሰው ነገራቸው።

ይህን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ለሌላው ሰው ደብቀውታል። ሲራመዱ ስለማይደናቀፉ ማንም አልጠረጠረም። ሰውን በድምፁ እየለዩ ሰላም ይላሉ። ጽሑፋቸውን ስልክ ላይ በድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ለጋዜጣው ሰዎች «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» ብለዋቸው ነበር።

«ዓይን የሌላት ሃያሲ ማን ይጠራታል?» አሉኝ አንድ ቀን። «ዛሬ ብናገር ከነገ ጀምሮ ጥሪው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቤቴ ተጋድሜ ጣሪያ ማየት ነው። እሱም ከታየኝ!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚህ ሥራ ሌላ ልጅም ባልም እንደሌላቸው አውቃለሁ።

የድሮው ፒያሳ ቢሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱበት ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው አዲስ መንገድ ከወጣ በኋላ ግን እግራቸው ግራ ተጋባ። ስለዚህ እናቴን «ልጅሽን ቅዳሜ ቅዳሜ አውሺኝ» አሏት። እናቴም «ምን አውሺኝ ትያለሽ፣ ያንቺም ልጅ አይደለች እንዴ!» አለቻቸው።

መጀመሪያ ሥራዬ መንገድ ማሳየት ብቻ መስሎኝ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ነው ዋናው ሥራ የመጣው። አጠገባቸው ተቀምጬ መድረኩ ላይ ወይም ሸራው ላይ የማየውን በጆሯቸው ሹክ እላቸዋለሁ። ለዚህም ሕግ አላቸው።

«ተናደደ አትበይኝ» ይሉኛል። «እጁ ምን ሆነ? ግንባሩ ምን ሆነ? መናደዱን እኔ እደርስበታለሁ። አንቺ ያየሽውን ብቻ ስጪኝ።»

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ጨለማ ውስጥ ለአንድ ሰው ጆሮ መናገር አያሳፍርም። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ ስተክል ቅዳሜ እስኪመጣ እቸኩል ጀመር። የምንቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ ጥግ ስለነበር የረበሽነው ሰው አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ወጣት ዳይሬክተር አዲስ ፊልም ለእንግዶች የሚታይበት ቀን ነበር። እያካፋ ስለነበር ዳገቱን በአንድ ጥላ ወጣን። ፒያሳ ያለው ሲኒማ አዳራሽ ስንደርስ አስተናጋጆቹ እትዬ ጽጌን አወቋቸው።

«እትዬ፣ እርስዎማ መሃል ነው የሚቀመጡት!» ብለው እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ጥግ እፈልጋለሁ ቢሉ ለምን ሊባል ነው። ዝም ብለው ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። ዙሪያችን በሙሉ ሰው ነው።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነ ሴት አለች። አንድ ቀን ባሏ እንደወጣ ይቀራል። ሴትዮዋ ትጠብቀዋለች። ሰው ሁሉ ተስፋ ቁረጪ ሲላት እሷ ማታ ማታ የእሱን ወንበር ከበሩ ፊት ለፊት ታስተካክላለች።

ሹክሹክታዬን ጀመርኩ። ከፊታችን የተቀመጠ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ዞሮ አየኝ። ድምፄን ቀነስኩ። ሁለተኛ ዞረ። አሁንም ቀነስኩ። እትዬ ጽጌ ደግሞ «አልሰማሁሽም» እያሉ ጆሯቸውን አስጠጉ። በሦስተኛው ወጣቱ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

«እህቴ፣ ወሬሽን ውጪ ጨርሺ! ሰው የደከመበትን ፊልም ነው እኮ የምታበላሺው!»

ከኋላ አንዱ ቀበል አድርጎ «አስተርጓሚ ናት መሰለኝ። ፊልሙ እኮ በአማርኛ ነው!» አለ። ሰዎች ሳቁ።

ጆሮዬ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እትዬ ጽጌ ጉልበቴን ጫን አድርገው «አይዞሽ፣ ቀጥይ» አሉኝ። አልቻልኩም። የመጨረሻው ትዕይንት የጀመረው ያኔ ነው። ያ ትዕይንት ደግሞ አንድም ቃል የሌለበት ነው። ቁልፍ ሲዞር ይሰማል፣ በር ሲጥ ሲል ይሰማል፣ የእግር ኮቴና ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ በሩ ተመልሶ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ዝናብ ብቻ።

«ማነው የገባው?» አሉኝ እትዬ ጽጌ። ራሴን ነቀነቅኩ። ራሴን መነቅነቄ ለእሳቸው ምን ይጠቅማል? ግን ከዚያ በላይ የሚሠራ ነገር አልነበረኝም። በዙሪያችን ሰዎች ንፍጣቸውን እየሳቡ ያለቅሳሉ።

መብራቱ በራ፣ ተጨበጨበ። ወጥተን ጥግ ስንይዝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሳንደርስ ያ ኮፍያ ያደረገው ወጣት ከፊታችን ቆመ። ሊሰድበኝ የመጣ መሰለኝ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ለእትዬ ጽጌ ጎንበስ አለ።

«እትዬ ጽጌ፣ በረከት እባላለሁ። ፊልሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ለካ ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ብሎ ተመልካቹ መሃል ተደብቆ ተቀምጦ ነው። እኔንም አየኝና ፊቱን አጨማደደ፤ ግን እሳቸውን አክብሮ ተወኝ። አብሮት አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አለ። እሱና እትዬ ጽጌ በተገናኙ ቁጥር መጎነታተል ልማዳቸው ነው።

«ሂሱን ጋዜጣ ላይ አነበዋለሁ» አለ በረከት። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መጨረሻውን እንዴት አገኙት?»

እትዬ ጽጌ አላመነቱም። «ደፋር ነህ» አሉት። «ያን ሁሉ ዘመን ጠብቃው፣ በሩን ከፍቶ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንዲት ቃል አለማናገርህ…»

የበረከት ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጋዜጠኛው ግን ጊዜ አላጠፋም።

«ማን ገባ? ኧረ እትዬ! እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር እንዴ?» ብሎ ወደ ቆሙት ሰዎች ዞረ። «ሰማችሁ? እትዬ ጽጌ ፊልሙን ተኝተው አዩት! ህልማቸውን ነው የሚነግሩን!»

ብዙ ሰው ሳቀ። እትዬ ጽጌ ወደ እኔ ዞሩ። ይህ ወሬ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ካፌዎች ይደርሳል፣ ነገ ጋዜጣው ይሰማል፣ ከዚያ ማንም አይጠራቸውም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለቴ ነው እንጂ የማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልነበረም።

«አልተኙም!» አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። «እሳቸው ምንም አላጠፉም! እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው! እሱ ሲቆጣኝ ጊዜ ዝም ስላልኩ ነው!»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በገዛ አፌ ሚስጥራቸውን ሰው መሃል ዘረገፍኩት። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እትዬ ጽጌ እጄን ከአፌ ላይ አንስተው ያዙት።

«ተዪው ልጄ፣ ይበቃል» አሉ። ከዚያ በድምፅ እየለዩ ወደ በረከትና ወደ ጋዜጠኛው ዞሩ። «ዓይኔ መሃሉ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። የምታየው ይቺ ሰዓዳ ናት። እኔ እሷን እየሰማሁ ነው የምጽፈው። ዛሬ እሷን ዝም አሰኛችኋት፤ እኔም የሰማሁትን አወራሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጋዜጠኛው አንገቱን እያከከ «እትዬ፣ ይቅርታ… እኔ እኮ ለቀልድ…» አለ።

«ቀልድህ ድሮም አያስቅም» አሉት።

በረከት ኮፍያውን በእጁ ያዟዙረዋል። «ታዲያ እኔው ነኛ» አለ። «የገዛ ፊልሜን የሸፈንኩብዎት እኔው ነኝ።» ከዚያ «አንድ ጊዜ ጠብቁኝ» ብሎ ደረጃውን እየዘለለ ወደ ላይ ሮጠ።

«ሄደ?» አሉኝ እትዬ ጽጌ።

«ወደ ላይ ሮጠ» አልኳቸው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሁለታችንም አላወቅንም።

ሲመለስ ቁና ቁና ይተነፍሳል። «ኑ ግቡ። የማሽኑ ሰውዬ ምሳውን አዘግይቶልኛል። የመጨረሻውን ክፍል ለእናንተ ብቻ እንደገና ያሳየናል» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አሁን እንዳሻሽ ጩኺ፣ እህቴ። ወንበሮቹ አይቆጡሽም» አለኝ።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ መሃል ተቀመጥን። በረከት ከኋላችን ተቀመጠ። ፊልሙ ሲጀምር ከልማዴ የተነሳ ሹክ ማለት ጀመርኩ።

«ማንን ፈርተሽ ነው?» አሉኝ እትዬ ጽጌ። «ጮክ በይ፣ አዳራሹ ያንቺ ነው።»

ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ሴትዮዋ ቁልፉን አዞረች። በሩን ከፍታ ከውስጥ ወጣች። ወንበሩን እየጎተተች ከደጅ አወጣችው። በሩን ዘጋች። ቆለፈች። ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። እሱ የለም። ማንም አልመጣም። እሷ ናት የምትሄደው።»

«ዞር ብላ አየች?»

«አላየችም። ነጠላዋን አጠበቀች። ዝናቡ ላይ ወጣች።»

የራሴ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። የማያፍር ሰው ድምፅ። እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጠረጉት። አለቀሱ ለማለት አልደፍርም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

መብራቱ ሲበራ በረከት ከኋላ ጠጋ ብሎ «አሁንስ እትዬ?» አለ።

«መሄዷ ግሩም ነው» አሉት። «ግን ረዝሟል። በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ምን ያስኬዳታል? ሰፈሩ ታክሲ የለውም?»

በረከት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ ለዛሬው ውለታዬ እንኳ አያልፉኝም?»

«ውለታ ሌላ፣ ሂስ ሌላ» አሉት።

ወደ ቤት ስንወርድ እኔ አለቀስኩ። «ሚስጥርዎን አወጣሁብዎት» አልኳቸው።

እሳቸው ግን በረዥሙ ተነፈሱ። «እኔማ ደክሞኝ ነበር» አሉ። «ዓመት ሙሉ ሰው እስኪናገር እየጠበቁ ማን እንደሆነ መገመት ቀላል መሰለሽ? መጥራቱን ካቆሙም ያቁሙ።»

ጽሑፋቸውን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ስልካቸው ላይ ቀዱት። መጀመሪያ ያሉት «ይህን ፊልም በገዛ ዓይኔ አላየሁትም» የሚል ነው። የእኔንም ስም ጠቀሱ። ጋዜጣው ሲወጣ ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ ራሴ አነበብኩት። ባለቤቱ ከትከሻዬ በላይ አጮልቀው አይተው «አንቺም ለካ አፍ ነበረሽ!» አሉኝ።

ሁሉም ነገር ወዲያው ተስተካከለ ማለት አልችልም። ከሬዲዮው ለብዙ ጊዜ ሳይደውሉላቸው ቀሩ። አሁንም አልፎ አልፎ ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ የደወለ ቀን ሁለታችንም ፈርተን ነበር። እትዬ ጽጌ እንድሰማ ብለው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት።

«እትዬ፣ ቁርጥማቱስ እውነት ነው?» አላቸው።

«እሱም ውሸት ነው» አሉት።

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ የሚቀጥለውን ጽሑፍ መቼ እንደሚልኩ ጠየቃቸው። እናቴ ከበሩ ሥር ሆና ትሰማ ስለነበር «አልሐምዱ ሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ሰውዬውም ሰምቶ «አሜን» አለ።

ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽም። ግን ደስተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቲያትር ነበር። ከጋዜጣው ደውለው «ሁለት ወንበር አስይዘናል፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በሰዓዳ ስም» አሉ። በር ላይ የቆመው ሰውዬ ስሜን ጮክ ብሎ ሲጠራ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ፊቴ ጋለ።

«አቤት!» አልኩና እትዬ ጽጌን ይዤ ገባሁ።